ዶርም ድረስ የሚገባ የአቻ ለአቻ ትምህርት፦ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይመራል?

በብዙ ግቢ የአቻ ለአቻ ትምህርት ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንዱ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው የሁለት ቀን ስልጠና ነው። ሌላው ህዳር 22፣ የዓለም ኤድስ ቀን ሲመጣ የሚታደለው ቲሸርት ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ዝም ይባላል። ተማሪው ጥያቄውን እንደያዘ ይቀራል።

ተማሪ ስለ ወሲብ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እርግዝና ፍርሃት የሚያወራው ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ነው። የሚያወራውም ለሚያምነው ጓደኛ ነው። ያ ጓደኛ ትክክለኛ መረጃ ካለው፣ ሚስጥር ከጠበቀና ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወዴት እንደሚልክ ካወቀ፣ ፕሮግራማችሁ ሥራውን እየሠራ ነው። የቀረው ሁሉ ለዚህ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

የምጽፈው ለክበብ መሪዎች፣ ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ሠራተኞች፣ ለግቢ ክሊኒክ ነርሶች እና ይህን ሥራ ለተረከቡ ወጣት መምህራን ነው። ምሳሌዎቼ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኑሮን የተመለከቱ ናቸው፤ በምደባ ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች አንድ ክፍል የሚጋሩበትን።

1. መጀመሪያ አዳምጡ

ስልጠና ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለማዳመጥ ብቻ መድቡ። የግቢውን ክሊኒክ ነርስ ጠይቁ፤ ተማሪ በብዛት የሚመጣው በምን ምክንያት ነው? ሰኞ ጠዋት ላይ የሚበዛው ምንድን ነው? ፕሮክተሮችን፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪዎቹን፣ ጠይቁ። የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን ጠይቁ። ላውንጅ ውስጥ የሚሠሩትን ጠይቁ፤ እነሱ የሚያዩትን ዲኑ አያይም።

ተማሪዎቹን ለመጠየቅ ሳጥን አስቀምጡ። ቦታው ወሳኝ ነው። ዲን ቢሮ በር ላይ የተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ማንም ወረቀት አይጥልም። ሰው ሳያየው የሚያልፍበት ቦታ ፈልጉ፤ የሴቶች ዶርም መታጠቢያ አካባቢ፣ የቤተ መጻሕፍት ደረጃ ስር። ከሳጥኑ ጋር ጎግል ፎርምም ክፈቱ፤ ኢሜይል የሚሰበስበውን ምርጫ ግን አጥፉት። በቴሌግራም በቀጥታ ጥያቄ ስትቀበሉ የላኪው ስም ለአስተዳዳሪው እንደሚታይ አትርሱ። ለዓይናፋር ልጅ ይህ ብቻውን ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነው።

ከተሰበሰበው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ኤችአይቪን፣ እርግዝናን፣ ጫትን፣ ድብርትን፣ የጊዜ አጠቃቀምን፣ የፈተና ጭንቀትን በአንድ ሴሚስተር የያዘ ፕሮግራም አንዱንም በቅጡ አይሠራም። የፍሬሽ ተማሪዎች ብሎክ ከሆነ የመላመድ ችግርና የመጀመሪያው ሚድ ድንጋጤ ሊቀድም ይችላል። የሁለተኛ ዓመት ከሆነ ግንኙነትና መጠጥ ሊቀድም ይችላል። የእናንተን ግቢ የሚያውቀው ሳጥኑ ነው።

2. ቤት ፈልጉለት

ፕሮግራሙ በአንድ ጎበዝ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከቆመ ያ ሰው ሲሄድ ይወድቃል። ከተማሪዎች ዲን የድጋፍ ደብዳቤ አውጡ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይበል፦ ማን ይመራዋል፣ የትኛውን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ይጠቀማል፣ ከክሊኒኩና ከምክር አገልግሎቱ ተጠሪው ማን ነው። የተማሪዎች ህብረቱን አሳውቁ። የእምነት ጉባኤዎችን መሪዎችም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል። ፈቃድ ለማግኘት ብላችሁ ግን ይዘቱን አታድበስብሱ።

3. ምርጫው፦ ማንን ነው የሚያማክሩት?

የፕሮግራሙ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው እዚህ ነው። ስለዚህ ቶሎ አላልፈውም።

የተለመደው አሠራር ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። የሚመጣው ማነው? ጎበዝ ተናጋሪው፣ ከሁሉም ክበብ አባል የሆነው፣ ሰርተፊኬት የሚሰበስበው፣ አበል አለ ብሎ የሰማው። አንዳንዱ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ማታ በሩን የሚያንኳኳ ጓደኛ አለው ወይ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄፍሪ ኬሊና ባልደረቦቹ በትንንሽ ከተሞች የኤችአይቪ መከላከል ሥራ ሲሠሩ ማስታወቂያ አልለጠፉም። መሸታ ቤት ገብተው መጠጥ ቀጂዎቹን ጠየቁ፤ እዚህ ሰው የሚወደውና የሚሰማው ማን ነው ብለው። ስማቸው የተጠራውን አሠለጠኑ። ሰዎቹ ንግግር አላደረጉም፤ ከጓደኞቻቸው ጋር በተራ ጨዋታ መሃል ነገሩን አነሱት። ከዚያ ሥራ የወጣው አሠራር ልትደርሱበት ከምትፈልጉት ማኅበረሰብ 15 በመቶ ያህሉ እንዲሠለጥን ይመክራል።

ወደ ግቢ እናምጣው። በብሎኩ ላሉት ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ጥያቄው ይህ ነው፦ "ለማንም የማትነግሩት ችግር ቢገጥማችሁ፣ ከዚህ ብሎክ ለማን ትናገራላችሁ? ሦስት ስም ጻፉ።" የራሳቸውን ስም አይጽፉም። ስትቆጥሩት አንዳንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ መድረክ ላይ አይታወቅም። ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። እሱን ነው የምትፈልጉት።

ስሌቱንም አስቡት። 300 ተማሪ በሚኖርበት ብሎክ 15 በመቶ ማለት 45 ሰው ነው። በግቢ ደረጃ ካሰባችሁት ቁጥሩ ያስፈራል። ስለዚህ ግቢውን ሙሉ አትጀምሩ። አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት ብሎክ ያዙ። በሁለት ብሎክ ሥር የሰደደ ሥራ በሃያ ብሎክ ከተበተነ ፖስተር እጅግ ይበልጣል።

ዝርዝሩ ሲወጣ ጥቂት ነገር አረጋግጡ። ሴቶች ግማሽ ናቸው ወይ? ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገሩ አሉ ወይ? ሰው ሲጨንቀው የሚያወራው በእናቱ ቋንቋ ነው። ማየት ከተሳናቸው ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ካለባቸው ተማሪዎች አንድ እንኳ አለ ወይ? የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይብዛ። ጂሲዎች፣ ማለትም ተመራቂዎቹ፣ የመውጫ ፈተና አለባቸው፤ በ2015 ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻው ሴሚስተር ጊዜ አይሰጥም።

በአበል ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለስልጠናው ቀን ምሳና ትራንስፖርት ይሸፈን። ከዶርም ጓደኛ ጋር ለማውራት ግን አይከፈል። የሚከፈለው ልጅ የሚያወራው ቅጽ ለመሙላት ይሆናል፤ ጓደኞቹም ይነቁበታል። ሰርተፊኬት ስጡ፤ በስልጠናው ማግስት ሳይሆን ዓመቱን ለጨረሰ።

4. ስልጠናው

አምስት ቀን በተከታታይ ከማድረግ አራት ቅዳሜ ግማሽ ግማሽ ቀን ይሻላል። ልጆቹ በመሃል ወደ ዶርም ተመልሰው ይሞክሩታል፤ ያልገባቸውን ይዘው ይመጣሉ።

መጀመሪያው ቅዳሜ ለመረጃ ነው። መረጃው ጥቂት፣ ጥርት ያለና ማታ ከእንቅልፍ ቢቀሰቀሱ እንኳ የማይረሳ ይሁን። ስለ ወሲባዊ ጤና ከሆነ ቢያንስ ይህን ይወቁ፦

ለኤችአይቪ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር ከተፈጠረ መከላከያ መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ብዙ ተማሪ ይህን ጨርሶ አያውቅም።

የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ልጆቹ ፖስት ፒል የሚሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመከራል። እስከ አምስተኛው ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ኃይሉ ግን በየቀኑ ይቀንሳል። መካን አያደርግም። ከኤችአይቪም ሆነ ከአባላዘር በሽታ አያድንም።

ኤችአይቪ በደሙ ኖሮ የኤችአይቪ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ ለሌላው ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህንን በግልጽ ተናገሩት። እየፈራ ለሚኖር አንድ የዶርም ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ጉዳያችሁ ጫትና መጠጥ ከሆነ ስብከቱን ተዉት፤ ሰንሰለቱን አሳዩ። ልጁ ለፈተና ሊያነብ ይቅማል። ምርቃናው እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳዋል። እሱን ለማብረድ ጨብሲ ይወጣል፣ ይጠጣል። ጠዋት ፈተና ላይ የሚቀመጠው ያልተኛ፣ ያልበላና የከፋው ልጅ ነው። ሰንሰለቱ የት ላይ ቢበጠስ ይቀላል ብላችሁ እነሱን ጠይቁ። ሕጉንም ይወቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። አብዛኛው ፍሬሽ ከዚህ ዕድሜ በታች ነው።

የቀሩት ቅዳሜዎች ለልምምድ ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ችግር ያለበት ተማሪ ይሁን፣ ሌላው የአቻ አስተማሪ። ችግሩን አታቅልሉት። የሚያለቅስ አድርጉት። ነገሩን በቀልድ የሚያልፍ አድርጉት። "ጓደኛዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" የሚል አድርጉት። ሦስተኛ ሰው ከጎን ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይቁጠር፤ አስተማሪው ስንት ጊዜ አቋረጠው? ጀማሪዎች ምክር ለመስጠት ይቸኩላሉ። ይህ ቆጠራ በፍጥነት ያርማቸዋል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁሉም በቃሉ ይያዝ፦ "ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ ነገ እነግርሃለሁ።" ይህንን ለማለት የሚያፍር ልጅ መልስ ይፈጥራል።

5. ብቻቸውን የማይዙት ነገር

የአቻ አስተማሪ ጓደኛ ነው። ሐኪምም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ፖሊስም አይደለም። ሚስጥር ይጠብቃል፤ ግን ሚስጥሩ ወሰን አለው። ወሰኑን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይናገር፦ "የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው ብዬ ካሰብኩ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ አብረን ወደሚረዳን ሰው እንሄዳለን።" ኋላ ላይ ቢነገር ክህደት ይመስላል።

ሦስት ጉዳይ ሲመጣ ወዲያውኑ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

አንደኛ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስለዋል። አያመጣም። "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብሎ በቀጥታ፣ በእርጋታ መጠየቅ ልጁ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተዉት። አንዱ አብሮት ይቀመጥ፣ ሌላው ለተጠሪው ይደውል። ለመነጋገሪያ የሚሆን ቃል በስልጠናው ላይ ጮክ ብለው ይለማመዱት፤ አፍ ካልለመደው በዚያ ሰዓት አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ወሲባዊ ጥቃት። የመጀመሪያው ቃል "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" ይሁን። ለምን እዚያ ሄድሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር የሚል ጥያቄ ከአፉ አይውጣ። የ72 ሰዓቱ ነገር እዚህም ይሠራል፤ ስለዚህ ወደ ሕክምና መሄድ ይቅደም። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ባትታጠብ፣ ልብሱም በወረቀት ከረጢት ቢቀመጥ ማስረጃ ይጠበቃል። ግን ታጥባ ከሆነም ትሂድ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለው። በየከተማችሁ ተመሳሳዩ የት እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ። ክስ መመሥረት አለመመሥረት የእሷ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛ፣ አስጊ የጤና ምልክት፤ በተለይ ተደብቆ ከተሞከረ ውርጃ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ወይም ትኩሳት። ይህች ልጅ አሁኑኑ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ሲሆን፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ሲሆን፣ እንዲሁም በሌሎች የተዘረዘሩ ሁኔታዎች ውርጃ በጤና ተቋም እንዲፈጸም ይፈቅዳል። የተደፈረች ሴት ቃሏ በቂ ነው፤ ሌላ ማረጋገጫ አትጠየቅም። የአቻ አስተማሪ ይህን ቢያውቅ በድብቅ ውርጃ ወደሚሠራበት የመንደር ቤት ከመሄድ ይልቅ ወደ ክሊኒክ የምትሄድ ልጅ ትኖራለች።

ለዚህ ሁሉ ኪስ ውስጥ የሚገባ ካርድ አትሙ። የክሊኒኩ ስልክ፣ የሌሊት ተረኛው፣ የምክር አገልግሎቱ፣ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ አምቡላንስ። ከማተማችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ማታ 4 ሰዓት ላይ ደውላችሁ ሞክሩት። የማይነሳ ስልክ ካርዱ ላይ አይጻፍ።

6. አንድ የዶርም ውይይት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ጊዜው ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ። ሚድና ፋይናል ሳምንት አይደረግም። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት፣ ስምንት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይሁኑ፤ ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ ከፈለጉ ላውንጅ ላይ ይቀላቀሉ። ቡና ከተቻለ ግሩም ነው። ዶርም ውስጥ ምድጃ ስለሚከለከል ከላውንጁ ጋር ተነጋገሩ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ብዙ ይወራል።

አስተማሪው ከሳጥኑ የመጣ አንድ ጥያቄ ያነባል፦ "ትናንት ኮንዶም ተቀደደብን። ምን ላድርግ?" ከዚያ ይጠይቃል፦ "ጓደኛህ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?" እና ዝም ይላል። ዝምታው ይከብዳል፤ ይታገሠው።

መልሶች ይመጣሉ። አንዱ "ተረጋጋ፣ ምንም አይፈጠርም" ይላል። አንዱ ይስቃል። አንዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ልጅ፣ "ሦስት ወር ጠብቆ ይመርመር" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ትክክል ይመስላላ። አስተማሪው እዚህ ላይ ነው ሥራው። ሦስት ወር ጠብቆ መመርመር እውነት ነው፤ ቫይረሱ ወዲያው በምርመራ ላይታይ ይችላልና። ግን ዝም ብሎ ሦስት ወር የጠበቀ ልጅ 72 ሰዓቱ አልፎበታል። መከላከያውን አጥቷል። ለልጅቷም የክኒኑ ጊዜ አልፏል። ግማሽ እውነት እንደዚህ ያስከፍላል። እንዲህ ሲነገር ክፍሉ ፀጥ ይላል፤ ከዚያም "ታዲያ የት ነው የሚሰጠው?" የሚል ይመጣል።

አስተማሪው "ነገ ጠዋት ክሊኒክ፣ ነርሷን ይጠይቅ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ መንገዱን ይናገራል፤ በየትኛው በር፣ ካርድ ያስፈልጋል ወይ፣ ምን ብሎ ይጠይቅ። ቦታውን በስም የማይናገር ምክር ተግባር ላይ አይውልም። ሁሉም ነገር በ40 ደቂቃ ይለቅ። ሲያልቅ አስተማሪው ለመሄድ አይቸኩል፤ ዋናው ጥያቄ የሚመጣው በሩ ላይ፣ ሌሎቹ ሲበተኑ ነው።

ሃይማኖትን የሚነካ ክርክር ቢነሳ አይግባበት። "እምነትህ የሚልህን ታውቃለህ፤ እኔ የምነግርህ የጤናውን ነው" በቂ ነው። የጾሙን ጊዜ፣ አርብን፣ የጉባኤ ምሽቶችን ሲያቅድ ያክብር።

7. በየሳምንቱ ተገናኙ

ከስልጠናው ይልቅ ይህንን ብትጠብቁ እመርጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። ሦስት ነገር ይወራል፦ ምን ጥያቄ መጣ? ምን መመለስ አቃተን? ማን ከበደው? የክሊኒኩ ነርስ በወር አንዴ ትገኝ፤ ያልተመለሱትን እሷ ትመልስ።

መዝገቡ አንድ ገጽ ይሁን። ቀን፣ ርዕስ፣ ስንት ሰው፣ ወዴት ተላከ። ስም፣ የዶርም ቁጥር፣ ዲፓርትመንት በጭራሽ አይጻፍ። በትንሽ ግቢ ዲፓርትመንትና ዓመት ብቻ ሰውን ያጋልጣል።

የአቻ አስተማሪዎቹም ተማሪዎች ናቸው። የሰው ችግር ሰምተው ይተኛሉ፣ ጠዋት ክላስ ይገባሉ። ከባድ ነገር የሰማ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአስተባባሪው ጋር ይነጋገር። ማረፍ ሲፈልግ ያለ ይሉኝታ ይረፍ። ሚስጥር ያወጣ ግን ይሰናበታል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

8. ለውጡን እንዴት ታያላችሁ?

ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ለሪፖርት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሌላ ነው። ስምንት አጭር ጥያቄ አዘጋጁ፤ በመጀመሪያው ወርና በሴሚስተሩ ማብቂያ ለሁለቱ ብሎክ ስጡ፤ ፕሮግራሙ ላልደረሰበት አንድ ብሎክም ስጡ። 72 ሰዓቱን ስንቱ ያውቃል? ችግር ቢመጣ የት እንደሚሄድ ስንቱ ይናገራል? ክሊኒኩ ደግሞ ባለ ቀለም ወረቀት ይዘው የመጡትን ይቁጠር። አስተማሪው ወደ ክሊኒክ ሲልክ ስም የሌለበት ሰማያዊ ቁራጭ ይሰጣል፤ ነርሷ ትሰበስባለች። ወረቀቱ ካልመጣ ወይ አልተላከም፣ ወይ መንገዱ ያስፈራል። ሄዳችሁ እዩ፤ ምናልባት የተራ መጠበቂያው ክፍል ሁሉም የሚያይበት ቦታ ላይ ይሆናል።

9. ርክክቡ

ርክክቡ ከሰኔ በፊት ይለቅ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር እያንዳንዱ ነባር አስተማሪ በዚያው የስም ወረቀት ዘዴ የተመረጠ አንድ አዲስ ልጅ ይያዝ። አዲሱ ቢያንስ ሦስት የዶርም ውይይት ላይ ከጎኑ ይቀመጥ፤ አራተኛውን አዲሱ ይምራ፣ ነባሩ ይስማ።

ለሚቀጥለው አስተባባሪ አንድ ፋይል ይተላለፍ፦ የድጋፍ ደብዳቤው፣ የአራቱ ቅዳሜ ዕቅድ፣ ከሳጥኑ የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ የተሞከሩ ስልክ ቁጥሮች። የሳጥኑ ቁልፍ በእጅ ይሰጥ። የቴሌግራም ቻናሉና የጎግል ፎርሙ ባለቤትነት ተመራቂው ግቢውን ከመልቀቁ በፊት ይዛወር፤ የድሮ ምላሾች የነባር አስተባባሪዎች ስልክ ላይ ካሉ በዚያው ቀን ይጥፉ።